ክቡር ጣት

ሩዝ የሚዘራበት መንደር ሁሉ ጣቱን መሰብሰብ የማይችል አንድ ሰው አያጣም። የእኛው ጎረቤት "ክቡር ጣት" ይባላሉ። ስሙን ያወጣችላቸው ባለቤቴ ናት፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ቆጠሩት።

ክቡርነታቸው የሰው ማሳ ዳር ሲደርሱ ሰላምታ ትዝ አይላቸውም። ጎንበስ ብለው አመልካች ጣታቸውን ጭቃው ውስጥ እስከ ሥሩ ይሰኩና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ "ይሄ መሬት አረም አርግዟል! ውሃ ከተኛበት የአረም ዘር ታፍኖ ይቀራል። እርጥብ ብቻ ከሆነ ግን አልጋ አነጠፋችሁለት ማለት ነው!"

አንዴ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ነርሷ መርፌውን እስክታዘጋጅ መስኮቱ ላይ ያለውን የአበባ ማሰሮ እሳቸው ቀድመው በጣታቸው ወጉት። "ጠምቶታል" ብለው አዘዟት።

ዘንድሮ ባለቤቴን መረራት። እህቶቿ ባሉበት ክቡርነታቸው "እዚህ ቤት የሚበላው አረም ነው" ብለው ቢፈርዱ ጊዜ ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ ሁለተኛ ጣትዎን ማሳችን ውስጥ እንዳላየው!"

እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ። እኛም እልህ ይዞን፣ እሳቸው ተኝቶ ይቆይ ያሉትን ውሃ ከማሳው አስወጣነው። መሬቱ እርጥብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ብዙም አልቆየ፣ አረሙ ግጥም ብሎ በቀለና ሩዙ በገዛ ማሳው እንግዳ መሰለ። የዓመት ቀለባችን ነው፤ ሌላ የለንም። ወገባችን እስኪቆረጥ ብንነቅልም፣ ከኋላችን ይበቅላል።

ክቡርነታቸው በየጠዋቱ አንገታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ያልፋሉ። ኪሳቸው ውስጥ ግን ጣታቸው ሲቁነጠነጥ አያለሁ።

አንድ ቀን ባለቤቴ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሳ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ እስቲ ይንኩት።"

"እኔን ነው? እኔ ምን አገባኝ!" አሉ፤ ጫማቸውን ግን አውልቀው ጨርሰዋል።

ሰኩት። ጨፈኑ።

"ይተርፋል። ነቅላችሁ እንደጨረሳችሁ ውሃውን ዛሬውኑ መልሱ።"

ስንነቅል ዋልን። እሳቸው "ጣቴ እንዳይበላሽ" ብለው ዳር ቆመው ሲያዙን ዋሉ።

አሁን ውሃው ተኝቷል፤ ሩዙም ቀና ብሏል። ትናንት ጠዋት ግን ክቡርነታቸው ቀሩ። ጉንፋን ይዟቸው ነው አሉ። ናፈቁኝ፤ ምን ይደረግ! ግራ ቀኝ አይቼ ጎንበስ አልኩና ጣቴን ሰካሁ፤ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

ጭቃው ለእኔ ምንም አልነገረኝም።