መሸጥ የማይወድ ነጋዴ

መሸጥ የማይወድ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ወልድያ ላይ አጋጥሞኛል፤ እግዜር ይስጠው።

ልጄ ዘነበች የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት ኮምፒውተር ልታሠራ ተነሳች። «ይኼ ካልሆነልኝ ዓረብ አገር እሄዳለሁ» ስላለችኝ ጭንቀቴን ይዤ ከላሊበላ አብሬያት ወረድሁ። ራም የሚሉትን የኮምፒውተሩን ሜሞሪ በተመለከተ አገሩ ሁሉ «ፈጣኑን ግዙ» ብሎ መክሮናል፤ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ጎረቤታችን ሳይቀር።

ነጋዴው ግን «ፈጣኑን አልሸጥላችሁም» አለ።

«ለዘመድህ ደብቀኸው ነው?» አልሁት።

«ኧረ እትዬ! የመረጣችሁት ማሽን ያን ፍጥነት አይቀበልም። በዚያው ዋጋ የዘገምተኛውን እጥፍ ልስጣችሁ፤ ለቪዲዮ የሚሻለው መብዛቱ ነው።»

«እስቲ ላሊበላን በል!»

«ለሜሞሪ ማን ይምላል?»

እኔ ታዲያ በዋዛ የማምን መሰልኋችሁ? «ካልማልህ አልነሳም» ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። ገበያተኛው ከበበን፤ አንድ ሽማግሌም ሊያስታርቁን ገቡ። ነጋዴው ቢቸግረው ሁለቱንም እያፈራረቀ ገጥሞ አሳየን። ዘነበች ስክሪኑን አንብባ «እማ፣ በዚህ ማሽን ላይ የሁለቱም ፍጥነት አንድ ነው» አለችኝ።

ዘገምተኛውን በእጥፍ ይዘን ተመለስን። የመጀመሪያው ሠርግ ቪዲዮ ኮምፒውተሩ አንዴም ሳይቆም ተቀናብሮ አለቀ፤ ሙሽሮቹ ደስ ብሏቸው ሌሎች ሙሽሮችን ላኩልን።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ፈላጊውን ሁሉ ወደዚያ ሱቅ እሰዳለሁ። አንዳንዱ «አልሸጥም አለን!» እያለ ተቆጥቶ ይመጣል። ይቆጣ። እኔ የልጄን ድምፅ በስልክ ሳይሆን ከጓዳዬ በሰማሁ ቁጥር ያን ነጋዴ እመርቀዋለሁ።