ሚሲሲፒን የወረደ ሽኝት

እንግዳ መቀበልማ ማንም ይቀበላል፤ በር መክፈት ነው። ጭንቁ መሸኘቱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ሽኝት ሕግ አለው፤ ምክር ቤት ያላጸደቀው፣ ግን ከጸደቁት ሁሉ የበለጠ የሚከበር ሕግ። ሸኚ ከደጅ አይመለስም፤ ከመንገደኛው ጋር ገፋ ይላል። መንገደኛው ደግሞ በጊዜው ዞር ብሎ «በቃ ተመለሱ» ይላል። አያችሁ፣ ቁልፉ በመንገደኛው እጅ ነው። መንገደኛው ዝም ካለስ? ሸኚው የት ድረስ ይሄዳል? ይህን ጥያቄ በተግባር የመረመርን እኔና ባለቤቴ ጽጌ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ የመረመርነውም ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ነው።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሮቢንስዴል ስንኖር አርኒና ካሮል የሚባሉ ጎረቤቶች ነበሩን። ስድሳን የተሻገሩ ባልና ሚስት፣ የሚኒሶታ ተወላጆች፣ ቤታቸው ግን ባሕር ላይ። ማጋነኔ አይደለም፤ ሳጋንን እነግራችኋለሁ። ቤታቸውን ሸጠው ካታማራን ገዝተዋል። ካታማራን ማለት ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎች ጎን ለጎን ተጋብተው በመካከላቸው ሳሎን የወለዱበት ባለ ሸራ መርከብ ነው። በዚያች ነገር አትላንቲክን ሁለት ጊዜ አቋርጠዋል። የካሮል እናት ሲታመሙ ጊዜ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ጀልባዋን ሴንት ፖል አሰሩና እኛ አጠገብ ቤት ተከራዩ። ሁለት ዓመት አስታመው ቀበሯቸው። ጽጌ ያን ሰሞን ድስት ተሸክማ ስትመላለስ ሰነበተች፤ ከዚያ ወዲያ ቤተሰብ ሆንን።

መስከረም ላይ፣ ውኃው ሳይበርድ፣ ወንዙን ወርደው ወደ ካሪቢያን ሊመለሱ ተነሡ። መነሻቸው ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ጽጌ እዚያው ሴንት ፖል የዜግነት መሐላ አለባት። ለፈተናው ስታጠና የሴናተሮቹን ቁጥር በእንቅልፏ ሳይቀር ስትጠራ ነው የከረመችው። በዜግነት ወረቀቷ እናቷን ለማምጣት ልታመለክት ነው። የአማቴን መምጣት በሙሉ ልቤ ነበር የምደግፈው። እዚህ ላይ ትንሽ አጋንኛለሁ።

ቅዳሜ አንድ ጆንያ የሚያህል ዳቦ ቆሎ ይዘን ወደብ ወረድን። ካሮል «ትንሽ አብራችሁን ሂዱ እንጂ» አለችን። መኪናችንን እዚያው ፓርክ አድርገን ገባን። በእኛ ግምት ትንሽ ማለት እስከ መጀመሪያው ድልድይ ነው።

ድልድዩ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ጽጌ ፊቷን ሳታዞር በአማርኛ «ምነው ተመለሱ አይሉንም?» አለችኝ። «ይሉናል፤ አትቸኩይ» አልኳት፤ ስለ ሰው ጠባይ እኔ መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?

ካሮል ጓዳዋን ታስጎበኘን ጀመር። እንቁላሎቹ ቫዝሊን ተቀብተው ተደርድረዋል። እንዲህ ተቀብተው በየጥቂት ቀኑ ከተገላበጡ ያለ ፍሪጅ ስንትና ስንት ሳምንት ይቆያሉ አለች። ውቅያኖስ ላይ ደግሞ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል፤ በአራት በአራት ሰዓት ይለዋወጣሉ። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሠላሳ ዓመት ሳይጣሉ የኖሩበት ምስጢር ተገኘ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ነቅተው አያውቁም» አለችኝ።

ሄስቲንግስ ስንደርስ ጀልባዋ ሎክ የሚሉት የውኃ አሳንሰር ውስጥ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፣ ውኃው ዝቅ አለ፣ እኛም አብረን ዝቅ አልን። በእኔ ሰውነት የተሰማው ግን ሰባት ፎቅ መውረድ ነው። ያን ጊዜ አርኒ ሁለት ጉልበቱን በሁለት መዳፉ ጠፍ አድርጎ «ዌል…» አለ። ወንዙ ዳር ትንኝ ይበዛል፤ አዘንኩለትና እኔም የራሴን ጉልበት ጠፍ ጠፍ አደረግሁ። አርኒ ትክ ብሎ አየኝ። እኔ «አይ፣ ቀኑ እንዴት ይሄዳል» አልኩ፣ ተመለሱ እንዲለን ጫፍ ልስጠው ብዬ። እሱም «ምን ጥያቄ አለው» ብሎ መሪውን ያዘ።

ማታ ሬድ ዊንግ የምትባል ከተማ ወደብ አደርን፤ ቀኝ ጀልባ ለእነሱ፣ ግራ ጀልባ ለእኛ።

እሑድ ፔፒን ሐይቅ ላይ አርኒ ሸራውን ሰቅሎ መሪውን ሰጠኝ። የዚያን ቀን እኔ የነዳሁትን አነዳድ ነፋሱ ራሱ ቆሞ ሳያየው አልቀረም። ጽጌ ግን ከካሮል ጋር እንቁላል እያገላበጠች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ መሐላውን ነው።

«ንገሪያቸዋ» አልኳት።

«ተመለሱ ሳይሉን? ከመንገድ ጥለውን ሄዱ ሊሉን?»

«ሴትዮ፣ ነገ እኮ ነው። እናትሽን አታስቢም?»

«ያሳደገችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? ሽኝት አቋርጣ ተመለሰች ብትባል መጀመሪያ የምታፍርብኝ እሷ ናት» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ይኼንን አላጋነንኩትም።

አመሻሽ ላይ ዋባሻ ስንደርስ ካሮል እንባዋን አየች። ምን ሆነሽ ብትላት፣ ጽጌ ነገሩን እንደ ምንም ቀለል አድርጋ «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ዜጋ እሆን ነበር» አለቻት። ካሮል አፏን በእጇ ያዘች።

ለካ በቀኙ ጀልባም ሹክሹክታ ነበር። ከሄስቲንግስ ጀምሮ ካሪቢያን ድረስ ልንከተላቸው የቆረጥን መስሏቸዋል። ካሮል የቁም ሳጥኗን እኩሌታ ለጽጌ ለቃለች። የሚኒሶታ ሰው ደግሞ እንግዳን ሂድ ከሚል ምላሱን ቢቆርጥ ይመርጣል፤ ቢብስበት ጉልበቱን ጠፍ አድርጎ «ዌል» ይላል፤ አገሩ ሁሉ ይህን ሲሰማ ሊሄድ ይነሣል። አርኒ ሁለት ቀን ሙሉ ሲመታው የዋለው ጉልበት ቲማቲም መስሏል። እኔም የእኛን ሕግ አስረዳሁት፤ «ተመለሱ በሉን፤ ሌላ ምንም አንጠይቃችሁም» አልኩት። ሳቃችን ጀልባዋን አወዛወዛት።

ነገር ግን አርኒ ሕጉን ወደደው። «እንግዲያው እኛም እንሸኛችኋለን» አለ። ከወደቡ ጠባቂ ፒክአፕ ተዋሰና ሰኞ ማለዳ ሴንት ፖል ድረስ ድራይቭ አደረገ። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ገባን። ጽጌ ቀኝ እጇን አንሥታ፣ መሐላው እንደሚያዘው፣ ከባዕድ ነገሥታትና መሳፍንት ሁሉ ስትለያይ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ይሉኝታን ግን ካጂ ያላት የለም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም።

ካሮል ከእኛ በላይ አለቀሰች። ከዚያ ፒክአፑን ሊመልሱ ሲነሡ ጽጌ እኔን ታየኝ ጀመር።

«እዚህ ድረስ ሸኝተውን ብቻቸውን ይሂዱ?»

«አንቺ፣ አሜሪካዊት ሆነሻል እኮ» አልኳት።

«አሜሪካዊት ብሆን ባለጌ ሆንኩ?» አለችና መኪናችን ውስጥ ገባች። ተከትለናቸው ዋባሻ ወረድን።

ወደቡ ላይ አርኒ ገና ገመዱን ሳይነካ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ትምህርቱን እንዳጠና ተማሪ «በቃ፣ ተመለሱ» አለን። ካሮልም ደገመችው። ደስ አለኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ችግሩ ያስተማርኳቸው የሕጉን አንደኛ አንቀጽ ብቻ መሆኑ ነው። ጽጌ፣ መሐላው ላይ የሰጧትን ትንሽ ባንዲራ በእጇ እንደያዘች፣ በደንብ ያደገ ሰው በመጀመሪያው ተመለሱ ላይ የሚመልሰውን መለሰች፤ «ኧረ ምን ሲደረግ፣ ትንሽማ አብረናችሁ እንሂድ እንጂ» አለቻቸው።

አርኒ ፊቱ በራ። ክንዷን ይዞ ወደ ጀልባዋ አሻገራትና ገመዱን ፈታ።

ከዋባሻ ወንዙን ወረድ ብላ ያለችውን ከተማ፣ ዊኖናን፣ አይታችኋት ታውቃላችሁ? በወንዙ በኩል ሲመጡባት በጣም ነው የምታምረው።