አቶ መርዳሳ በየቢሮው ያላቸው ሰው

በዚህ አገር ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ መስኮት ፊት ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቅና ተራ ጠባቂውን ክንዱን ይዞ ከሰልፍ የሚያወጣ። እኔ፣ ካልተሳሳትኩ፣ የመጀመሪያው ነኝ። ሁለተኛው ክቡር ጎረቤቴ አቶ መርዳሳ ናቸው፤ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ አገዳ መዛኝ። የማያልቅባቸው ቃል አንድ ነው፤ «ሰው አለኝ!»

ባለፈው ዓመት፣ በአርባ አራት ዓመቴ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ አሮጌ ፊያት ስድስት መቶ ገዛሁ። ዓላማዬ ባለቤቴን ዘርፉን አቦምሳ ወስጄ ከእናቷ ማገናኘት ነበር። አውቶቡስ ስለሚያስመልሳት ሦስት ዓመት አልተያዩም።

መንጃ ፈቃዱን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ገበያው አጠገብ የሰንበታን ጋሪ ገጨሁ። ፈረሱ ምንም አልሆነም፤ የጋሪው ጎማ ግን ተጣመመ። «ኧረ ጓድ!» አለ ሰንበታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ፈረሱ እንኳ አይቶህ ቆሞልህ ነበር!»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደረሰ። ዘርፉ፣ «ኢንሹራንስ ሳትገባ እዚያች መኪና ውስጥ እግሬን አላስገባም» አለች።

እዚሁ ናዝሬት ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ወይዘሪት አበዛሽ መንጃ ፈቃዴን አየችና፣ «ዓመት አልሞላውም፤ ጭማሪ አለው። በዓመቱ ውስጥ ግጭት አለ?» አለችኝ።

«ጋሪ» አልኩ በቀስታ።

«ሌላ ጭማሪ።»

ድምሩን ስሰማ መኪናዋን እንደገና የምገዛት መሰለኝ። ላቤን ስጠርግ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«ጋሪውን የገጨኸው መቼ ነው?» አሉ አቶ መርዳሳ።

«ጥቅምት አሥራ አራት።»

ከሲጋራ ባኮ ላይ ቁራጭ ቀደው አንድ ነገር ጫሩባትና፣ «አትክፈል! መቂ ሰው አለኝ። እዚያ ዋጋው ሌላ ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ እኮ የመንግሥት ነው። የትም አንድ ነው።»

«ዋጋው አንድ ይሆናል፤ ሰው ግን ይለያያል!»

መልስ መሰለኝ። እስከ ዛሬም ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም።

እንዲህ ሆኖ፣ መንዳት የማይችል ሰው ኢንሹራንስ ሳይኖረው ኢንሹራንስ ፍለጋ መቂ ድረስ ነዳ። ሽንኩርት የጫኑ መኪኖች ጡሩምባ ሲያሰሙብኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አቶ መርዳሳ ከጎኔ ሆነው፣ «ዓይንህን ግለጥ፤ ጨዋታዬ አላለቀም» ይላሉ። መንዳት ያስተማረኝ ሰው በሁለት እጁ በሩን ጨብጦ ነበር ከጎኔ የሚቀመጠው። እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ስለ አገዳ ክብደት ያወራሉ።

መቂ ስንደርስ የኢንሹራንስ ቢሮ ጭራሽ የለም። ሰው የተባለው የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ እሱም አላወቃቸውም። «አርጅቷል፣ ረስቶኛል» አሉኝ። ደላላው ሠላሳ ዓመት አይሞላውም።

ከዚያ ደግሞ «ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው» ሲሉኝ ወራት አለፉ። ክረምቱ ሲወጣ የወሩን የቤንዚን ኩፖን አሟጠን ሻሸመኔ ሄድን። እዚያስ ቢሮ አለ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዋጋ ግን ከናዝሬቱ በሳንቲም አይለይም። ሰውዬው «ተዛውሯል»።

ዘርፉ መጠየቅ ተወች። ከእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ አንብባ አጥፋ ታስቀምጣለች፤ እኔን አታየኝም። ለአቶ መርዳሳ «በቃኝ» ልላቸው ስንት ጊዜ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

ባለፈው ሳምንት በጠዋት፣ ኮታቸውን ለብሰው በሬን አንኳኩ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ? ተነስ! ዛሬ ሰውዬው ገብቷል።»

የወሰዱኝ እዚያው ናዝሬት፣ እዚያው መስኮት ነው። ወይዘሪት አበዛሽ ወረቀቴን አገላበጠች። «መንጃ ፈቃድዎ ዓመት አልፎታል። ጋሪውም ትናንት ዓመት ሞላው። ጭማሪ የለም።»

«አላልኩህም?» አሉ አቶ መርዳሳ። «ሰው አለኝ!»

«እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» አለችኝ አበዛሽ። እኔ ብሩን መቁጠር ጀመርኩ።

አቶ መርዳሳ ከኪሳቸው ያቺን የባኮ ቁራጭ አውጥተው ሲቀዳድዱ አየሁ፤ «ጥቅምት 14» ይላል። ታዲያ ያውቁ ነበር? «ካወቁ ሻሸመኔ ምን አስኬደን?» አልኳቸው።

«ታዲያ መኪናዋ ዓመቱን ሙሉ ቆማ ትዝግልህ ነበር?» አሉኝ።

ቅዳሜ ወደ አቦምሳ ተነሳን። ዘርፉ ከፊት ተቀመጠች። አቶ መርዳሳ ማንም ሳይጠራቸው ከኋላ ታጥፈው ገብተዋል። «አቦምሳ ሰው አለኝ» አሉ። ጋሪ ባየሁ ቁጥር ከኋላዬ የአገዳ ወሬ ይሰማኛል፤ እኔም ዓይኔን ሳልጨፍን አልፋለሁ። ዘርፉን አንዴም አላስመለሳትም።

አማቴ ልጃቸውን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ከዚያ እግራቸውን እየጎተቱ ከኋላ ወንበር የሚወጡትን ሽማግሌ አዩ።

«እኚህስ ማናቸው?»

አቶ መርዳሳ መንገዱን ግራ ቀኝ አዩ፤ የሚያውቃቸው ማንም የለም።

«የኔ ሰው ናቸው» አልኩ፣ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

አቶ መርዳሳ ጎንበስ ብለው የኮታቸውን አቧራ ማራገፍ ጀመሩ። ብዙ አቧራ አልነበረውም፤ እሳቸው ግን ቆዩ።