አባፎጊ የቆሰለውን ከርከሮ ስለ ፈለጉበት ዘመቻ

በዘመነ ሚሌኒየም፥ የሁለት ሺህ ዓመት በዓል ጨርቅ ገና ከመብራት ምሰሶ ሳይወርድ፥ ዝናቡም ቀለሙን አጥቦ ሳይጨርስ፥ የሞባይል ኔትወርክ በሸዋ ቤንች ምድር በአንድ ኮረብታ ራስ ላይ ብቻ ይገኝ በነበረበት ጊዜ፥ በአባፎጊ መንግሥተ ሱቅ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፥ በወርኃ ጥቅምት፥ ቡና መቅላት በጀመረበት ሰሞን፥ ከመዝ ኮነ፤ እንዲህ ሆነ። እኔም ጸሐፊው ያየሁትን በዓይኔ አይቼ፥ ያላየሁትንም ከሱቁ በረንዳ ላይ ሰምቼ እጽፋለሁ፤ በረንዳው ከዓይኔ ይልቅ ብዙ ያያልና።

አባፎጊም ከጅማ ወገን የመጡ፥ መኰንነ ምስማር ወሳሙና፥ ሚዛናቸው የማይዋሽ፥ ሆዳቸው ከእጃቸው ቀድሞ እንግዳ የሚቀበል ታላቅ ሰው ነበሩ። በአደን ግን ስማቸው ከዚያ ቀን በፊት ተሰምቶ አያውቅም፤ ከሱቃቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የአባታቸው ጦር በእርሳቸው ዘመን የስኳር ጆንያ ከመቅደድ በቀር ሌላ ዘመቻ አልዋለም ነበር።

የዘመቻው ምክንያት ይህ ነው። ባሏ የሞተባት ንጋቷ ከሱቁ ጀርባ፥ ከወንዙ ወዲህ፥ ጎደሬ ተክላ ነበር፤ ከርከሮም ከማዶው ጫካ እየተሻገረ፥ ያለ አንዳች ይሉኝታ፥ መደብ በመደብ እየገለበጠ በላባት። እርሷም ማማ ላይ ማደር ቢሰለቻት አንድ ማለዳ በሱቁ በር ላይ ቆማ፥ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንዲህ ስትል አወጀች፤

«ስሙኝ! የቀረኝ አንድ መደብ ጎደሬ ነው። በቆሎዬን አስቀድሞ ጨርሶታል። ይቺም ከተበላች እኔና ልጆቼ እስከ ገና ምን እንደምንቀምስ እናንተው ንገሩኝ። በረንዳ ላይ ጦር ሰቅሎ ሻይ የሚጠጣ ወንድ ካለ ዛሬ ይነሣ!»

ጦር ሰቅሎ ሻይ የሚጠጣ አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ ሁሉ ወደ አባፎጊ ዞረ። እርሳቸውም ሻያቸውን ጨርሰው፥ ጦሩን አውርደው፥ የስኳሩን ብናኝ በእጅጌያቸው ጠርገው ይህን ዐዋጅ አወጡ፤

«እኔ አባፎጊ እንዲህ እላለሁ። ዛሬ ጫካ እንገባለን። ግን ሥርዓት አለ፤ ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። ደም ያፈሰሰ ሰው የደሙን ባለቤት ሳያገኝ ጦሩን ወደ ሌላ አያዞርም። አቁስሎ ጥሎ መሄድ ለእንስሳው ሥቃይ ነው፥ ለመንገደኛ አደጋ ነው፥ ለአዳኙም ነውር ነው። ይህን የማይቀበል ከአሁኑ ይቅር።»

የቀረ አልነበረም። የዚህን ዐዋጅ ክብደት በዚያች ሰዓት ማንም አልመዘነውም፤ ባለ ሚዛኑም ጭምር።

ወእምዝ ሠራዊቱ ተሰለፈ። በቀኝ የመዘምራን ከበሮ መቺው ሲሞን፥ ለዚያ ቀን ከበሮውን ትቶ ቢጫ ጀሪካን የታጠቀ፤ በግራ የባጃጅ ሾፌሩ ባየ፥ በአንድ እጁ ጦር፥ በሌላው ከሠርግ ቤት የተዋሰውን ጥሩንባ የያዘ፤ በኋላም ቡና አምራቹ ኢሳይያስ፥ እርሱም ባለ ጦር፥ የጫካውን አደጋ ሁሉ ጠንቅቆ የሚያውቅ፥ ስለዚህም ከሁሉ ኋላ የሚሄድ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ የማንም ያልሆነ አንድ ውሻ፥ እስከ ወንዙ ዳር ብቻ የዘመተ። አባፎጊም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፥ ኮንጎ ጫማቸውን እንደ ተጫሙ ወንዙን ተሻገሩ። በዚያም ውኃ ውስጥ አንድ ያልተጠራ ወታደር ከሠራዊቱ ተቀላቀለ፥ ትንሽ፥ ጥቁር፥ ድምፅ የሌለው፤ ስሙን በስፍራው እናወሳለን።

ጫካውም በገቡ ጊዜ ሲሞን ጀሪካኑን ደበደበ፥ ባየ ጥሩንባውን ነፋ፥ ከቁጥቋጦውም መካከል ከርከሮ ብቅ አለ። አባፎጊም ዓይናቸውን ጨፍነው (ጸሐፊው ይህን ከትሕትና ይቆጥረዋል) ጦሩን ወረወሩ። ከርከሮው ጮኸ፥ ጦሩ ጠፋ፥ ከርከሮውም ጠፋ። ጦሩን ጭቃ ውስጥ ተተክሎ አገኙት፤ ጭቃው ቀይ ስለ ነበረ ስለቱ ምንም ሊመሰክር አልቻለም። ነገር ግን አባፎጊ ዝቅ ብለው ቢመለከቱ በኮረሪማ ቅጠል ላይ ትኩስ ደም አዩ። ፊታቸው በራ፥ ወዲያውም ጠቆረ፤ ዐዋጁ ትዝ ብሏቸዋል።

በዚያችም ቅጽበት ከፊተኛው በጣም የሚበልጥ ሌላ ከርከሮ ከጀሪካኑ ጩኸት ሸሽቶ መጣ፥ በፊታቸውም ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ የማይስተው ነበር። ባየ ጦሩን አነሣ፥ ኢሳይያስም አነሣ። አባፎጊ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በመካከል ቆሙና ማንም እንዳይወረውር አወጁ። ታላቁም ከርከሮ የአገሩን ሕግ እንደሚያውቅ ሰው ዝግ ብሎ፥ ወደ ወንዙ፥ ወደ ንጋቷ ጎደሬ አቅጣጫ ሄደ።

ያን ጊዜ ባየ ተቆጥቶ በተቃራኒው አወጀ፤ «እኔ የመጣሁት ለንጋቷ ጎደሬ ነው እንጂ ከርከሮ ላስታምም አይደለም! የቆሰለው እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን። አሁን ያሳለፉት እኮ ነው ማታ መደቧን የሚጨርሰው!»

ኢሳይያስም ከኋላ ሆኖ ደገመ፤ «ሥርዓቱ ለድኩላ ነው፥ ለሚበላ ሥጋ። ከርከሮ እርስዎም አይበሉ፥ እኛም አንበላ። ለማይበላ ነገር ምን ፍለጋ አለው?»

ጸሐፊው እውነቱን አይደብቅም፤ የባየ ቃል አባፎጊን ወጋቸው፥ የንጋቷ ልጆች በዓይናቸው ላይ ሄዱ። ቢሆንም ላባቸውን ጠርገው የመጨረሻውን ዐዋጅ አወጡ፤ «ሕመሙ ይበሉኛል አይበሉኝም ብሎ አይጠይቅም። የወረወርኩት እኔ ነኝ። የምትሄዱ ሂዱ፤ እኔ እፈልገዋለሁ።»

ሠራዊቱም ያለፈውን ከርከሮ ጥቂት አሳድዶ አጣው፤ የእንግሊዝ ኳስ የሚጀምርበት ሰዓት ስለ ደረሰም በአንድ ልብ ወደ ዲሽ ቤት አፈገፈገ።

አባፎጊ ብቻቸውን ቀሩ። ደሙም እጅግ አስደናቂ ደም ነበር፤ ወደ ፊት ሲመለከቱ የለም፥ ዘወር ሲሉ ግን በመጡበት መንገድ ሁሉ ተንጠባጥቧል። ከርከሮው በብልጠት ከኋላቸው እንደ ዞረ ቆጥረው ተመለሱ፤ በተመለሱም መጠን ደሙ በዛ። ደክሟቸው ግንድ ላይ ከተቀመጡበት ሲነሡ፥ አውሬውም በዚያው ግንድ ሥር አርፎ እንደ ነበር ከደሙ ተረዱ። እርሳቸው በደከሙበት ሁሉ እርሱም መድከሙን እያዩ፥ አላህ ሥቃዩን እንዲያሳጥርለት ዱዓ አደረጉ። እንዲህ እያዘኑ ማለዳ የመጡበትን መንገድ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ተከትለው ወንዙ ዳር ደረሱ፥ ተሻገሩም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፥ እነሆ፥ ያ ታላቅ ከርከሮ በንጋቷ የመጨረሻ መደብ ውስጥ አፍንጫውን ተክሎ ነበር። አባፎጊ ጦራቸውን አነሡ። ቁስለኛው ግን አልተገኘም። የሚያያቸው ሰው አልነበረም፥ ባየ የለም፥ ኢሳይያስ የለም፤ ጎደሬው ሲሰበርም ይሰማቸው ነበር። ጦሩን መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያም ሥርዓቱ ስለ ጫማ ምንም እንዳልተናገረ አስታውሰው የቀኝ እግር ኮንጎአቸውን አወለቁ፥ እየጮኹም፥ ሆዳቸውን አስቀድመው ሮጡ፥ ወረወሩም፤ በዚህ ጊዜ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ኮንጎው ከርከሮውን መቀመጫው ላይ መታው። እርሱም እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶበት ስለማያውቅ ወንዙን ተሻግሮ ሸሸ። አባፎጊም ራሳቸውን አዞራቸውና በጎደሬው መካከል ተቀመጡ።

ጩኸቱን የሰማችው ንጋቷ ባትሪዋን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ጥቂት ሥር ተነቅሎ መደቧ ግን ቆሞ አገኘችው። በቅጠሉ ላይ ደም አይታ ደሙን ብትከተል፥ የአባፎጊ ቀኝ ቁርጭምጭሚት ላይ ደረሰች። ጫማቸውንም ልታነሣ ብትሄድ፥ ያ ያልተጠራ ወታደር፥ ስሙ አልቅት፥ ቀለቡን በልቶ ጠግቦ በኮንጎው ውስጥ ተኝቶ ነበር። እርሷም ወደ መንደሩ ዞራ አወጀች፤

«ኑ ውጡ! ቁስለኛው ተገኝቷል! ሆዱ ትልቅ ነው፥ ጫማውም አንድ እግር ብቻ! ጎደሬዬም ተርፋለች! አባፎጊ፥ አይነሡ፥ እግርዎን ልሰርልዎት።» ይህንም ስትል ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ፥ ሻሿንም ፈትታ አሰረችላቸው።

ከተማው እስኪበቃው ሳቀ፤ ሳሙና ሊገዛ የመጣ ሁሉ አልቅት አለ ወይ እያለ ይጠይቅ ነበር። አባፎጊ ግን በማግሥቱ እያነከሱ ተመልሰው ጫካ ገቡ፥ ከርከሮው ጮኾ ነበርና። ጦሩ ተተክሎበት በነበረው ስፍራ ዙሪያ የደም ምልክት እንደሌለ ቅጠል በቅጠል አይተው ካረጋገጡ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።

በሚቀጥለውም አደን ባየ አንድ ከርከሮ ወጋ፥ አውሬውም ደሙን እያፈሰሰ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ፤ ሌላም ከርከሮ ጎኑን ሰጥቶ በፊቱ ቆመ። ማንም ምንም አላወጀም። ባየ ጦሩን ዝቅ አደረገ፥ ጎንበስ ብሎ አስቀድሞ የራሱን ሁለት እግሮች መረመረ፤ ደረቅ ነበሩ። ከዚያም ኳሱን ትቶ ወደ ቁጥቋጦው ገባ፥ አመሻሽም ላይ አግኝቶት ሥቃዩን ጨረሰለት።

ክብር ለአባፎጊ፥ ለመኰንነ ምስማር ወሳሙና፥ ከርከሮን በኮንጎ ድል ለነሡ፥ ለማይበላ ሥጋ ላዘኑ፥ ደማቸውን ሳያውቁት ለሥርዓት ላፈሰሱ! ዕድሜያቸው ይርዘም፥ ሚዛናቸው አይዛባ፥ ጦራቸውም በስኳር ጆንያ ላይ በሰላም ይንገሥ። በገና ማለዳ ንጋቷ ከዚያች መደብ የተነቀለ ጎደሬ ቀቅላ በትልቅ ሰፌድ ወደ ሱቁ በረንዳ አመጣች፤ ከሁሉ አብዝቶ የበላውም ባየ ነበር።