ለበረኛ የሚሆን ቡድን

ምክር መስጠት የሚወድ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚመክረው ሰው ራሱም አስቦበት ሊሆን እንደሚችል አይታየውም። ሰው እያማሁ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው የማወራው። እኔ ጫማ ልገዛ ቡላኦስ ገበያ ወጥቼ፣ ሦስት ሱቅ አዳርሼ፣ የሁሉንም ጥንካሬ ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ባዶ እጄን የምመለስ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ማን ያማክረዋል ትሉ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ የሱፍ አማከረኝ።

የሱፍ እዚሁ ጅቡቲ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ በረኛ። ዓመቱን ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ከረመ። በመስከረም አንድ የከተማው ክለብ ሙከራ ሊያደርግ ነው፤ የሚፈልገው አንድ በረኛ ብቻ። የሱፍ ደግሞ ትምህርቱን እየጨረሰ ስለሆነ ሌላ ዕድል አይኖረውም። የቀረው ክረምቱ ነው። ክረምት የምንለው ከአገር ቤት በመጣ ልማድ እንጂ እዚህ የሚወርደው እሳት ነው።

የት ይጫወት? ሰንጠረዥ ሠራሁ። ድሬዳዋን አንደኛ አደረግኋት፤ አቅም ያለው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ የሚወጣው ወደዚያ ነው፣ አክስቴም ትሄዳለች። የካርቲየ 1 ሰፈር ውድድር ሁለተኛ ሆነ፤ ጠንካራ ቡድን አለው። ከከተማው ዳር ያለውን የፔካ 12 ሰፈር ቡድን የጻፍኩት ሰንጠረዡ እንዳይጎድል ብዬ ነው።

የሱፍ በአክብሮት አነበበውና ብዙ ጎል የሚገባበት የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ፔካ 12 አልኩት።

«እንግዲያው እዚያ ነው።»

ሙቀቱን፣ አቧራውን፣ ሽንፈቱን ዘረዘርኩለት።

«አቦ ተው» አለኝ። «ኳስ የማይመጣበት በረኛ ምን ይማራል?»

ሰንጠረዤ ላይ እንዲህ የሚል ዓምድ አልነበረም።

የፔካ 12 ቡድን ጭነት የሚጠብቁ የከባድ መኪና ሾፌሮችና መካኒኮች ናቸው። ዛሬ ተከላካይ የነበረው በሳምንቱ ኢትዮጵያ ገብቷል። ስለዚህ የሱፍ በየዓርቡ ፊሽካ ሳይነፋ አራት አዳዲስ ሰዎች ጋ እየሄደ ስማቸውን ይጠይቃል፤ አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በሶማልኛ፣ አንዱን በአፋርኛ። የመጀመሪያው ዓርብ ሰባት ገባበት። አክስቴ ከድሬዳዋ ደውላ «ልጄን እሳት ውስጥ የከተትከው አንተ ነህ» አለችኝ። በሦስተኛው ዓርብ ግን ከሜዳው ዳር ሆኜ የየሱፍን ድምፅ ሰማሁ፤ እድሜው አባቱን የሚያክል ሾፌር «አብዲ፣ ወደ ግራ!» ሲባል እሺ ብሎ ይሮጣል። በዚያ ቀን ሁለት ብቻ ነው የገባባቸው።

የሙከራው ቀን ሦስት በረኞች ቀረቡ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ ከየሱፍ ከፍ ብለው ይዘላሉ። አሰልጣኙ ግን የማይተዋወቁ ልጆችን ቀላቅሎ ከፊታቸው አቆመ። ሁለቱ በማያውቁት ሰው ላይ መጮህ አፍረው በየተራ ዝም ብለው ቆሙ። የሱፍ ስም ጠየቀና ማዘዝ ጀመረ። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኙ ጠራው።

«ከእነዚህ ጋር ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጫወተው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ወሰዱት።

አክስቴ ስትመለስ ለሰፈሩ ሁሉ ልጇን ለዚህ ያበቃሁት እኔ መሆኔን አወራች። እንዳልሆነ ላስረዳት ስጀምር የሱፍ «አቦ፣ ተቀበል» ብሎ አስቆመኝ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች በዝተውብኛል። መጀመሪያ የምጠይቀው ልጁን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የምጨምረው የለኝም። እናቶቹ ግን የሚያመሰግኑት እኔን ነው።