ባኒና ኦሪጅናሉ ታንከር

«የሰው ወርቅ አያደምቅም» ያለው ሰው ወርቅ ተውሶ ይሆናል እንጂ ሞተር ሳይክል ተውሶ አያውቅም። የተዋሱት ወርቅ ቢያንስ አይንጠባጠብም። የተዋሱት ሞተር ግን፣ እናንተዬ፣ መንገድ ለመንገድ ጠብ ጠብ እያለ ያሳጣል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ሰው የራሱን ዕቃ ሲሰብር «ተሰበረብኝ» ይላል፤ የሰው ሲሰብር «ድሮም እንዲህ ነበር» ይላል። እኔም እንዲያ ልል አፌን አሟሽቼ ነበር።

ሞተሯ የጀማል ናት። ጀማል ጭሮ ውስጥ ጎረቤቴ የሆነ ጫት ነጋዴ ነው። ምሳውን፣ ጃኬቱን፣ ቢያሻችሁ አልጋውን ይሰጣችኋል፤ ሞተሩን ግን ለእናቱ ልጅ እንኳ አያውስም። ቀይ የገጠር መንገድ ሞተር ናት፤ የፕላስቲክ ቤንዚን ታንከሯ ላይ «ማሻ አላህ» የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ስለ እሷ የጠየቀውን ሁሉ «ኦሪጅናል ናት! መፍቻ ነክቷት አያውቅም» ይለዋል። እንግዲህ የባልደረባዬ እናት ቦኬ ወረዳ አርፈው ለቅሶ የምደርስበት መኪና ሳጣ፣ ጀማል ራሱ ቁልፉን አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። «ላንተ ነው፣ መምህር፤ ለሌላ ሰው አላደርገውም» አለኝ። ወልድያ ተወልጄ እዚህ ሦስተኛ ዓመቴን የያዝኩ እንግዳ ነኝ፤ ያን ቁልፍ ስጨብጥ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ዓይኔ ሁሉ እንባ አቀረረ።

ስመለስ ጠጠር አንሸራቶ ጣለኝ፤ ታንከሩም ተሰነጠቀ። እኔ አልቅሼ ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ እሱ ገና መጀመሩ ነበር። ስንጥቁን በልብስ ሳሙና ደፈንኩና እያዘገምኩ ጭሮ ገባሁ። ጀማል ቦርደዴ ሄዷል፤ አመሻሹ ላይ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ከዚያ በፊት ካልተጠገነ፣ ሦስት ዓመት የገነባሁት ወዳጅነት በአንድ ስንጥቅ ፈስሶ ሊያልቅ ነው። ጋራዥ ስሄድ ልጆቹ ሳቁብኝ። «ብረት ቢሆን በየድነው ነበር፤ ፕላስቲክ የአዴ መይሙና ነው» አሉኝ።

አዴ መይሙና ገበያው ጥግ ተቀምጠው የከተማውን ጀሪካን ሁሉ በጋለ ብረት የሚጠግኑ ሴት ናቸው። ታንከሩን አስፈትተው ቤንዚኑን አስቀዱ፤ በሳሙና አጠቡት፤ ውሃ ሞሉት። «ቤንዚን ሸትቶት እሳት ካየ፣ አንተንም እኔንም ይዞ ነው የሚሄድ» አሉኝ። ከዚያ ስንጥቁ ወደ ስቲከሩ ሥር ስለገባ «ማሻ አላህ»ን ቀስ አድርገው ላጡት። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ልጥፍ ብቅ አለ!

«ኸረ ይሄ የኔ እጅ ነው!» አሉ።

«የማን እጅ?» አልኩ።

«ጀማል ነው ያመጣው፣ አምና። ለሰው እንዳትነግሪ ብሎ ወላሂ አስብሎኛል።»

«ታዲያ ለእኔ ነገሩኝ እኮ፣ አዴ!»

«አንተ ሰው ነህ እንዴ? መምህር ነህ!»

ኦሪጅናል ሆይ! ገና በዚህ ስገረም የጋለውን ብረት ከከሰሉ አነሱና ወደ እኔ ዞረው «ባኒ!» አሉኝ። እኛ አገር ባኒ ማለት ክብ ትንሽ ዳቦ ናት። ሴትዮዋ ምሳ አልበሉም ብዬ አዘንኩላቸው። «ባኒ! ባኒ! ቶሎ በል!» ሲሉማ ረሃቡ እንደጠናባቸው ገባኝ፤ ወደ ዳቦ ቤት በረርኩ።

ስድስት ዳቦ ታቅፌ ስመለስ ገበያተኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለካ ባኒ በኦሮምኛ «ክፈት» ማለት ነው። እንፋሎቱ እንዲወጣ የታንከሩን ክዳን ክፈት ነው ያሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ «አካም ጅርታ» ከሚል ሰላምታ ያላለፍኩ ሰነፍ፣ እንኳን ዳቦ ብቻ ገዛሁ! ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው፣ ከዘይት ጀሪካን የቆረጧትን ቢጫ ቁራጭ አቅልጠው ከአሮጌው ልጥፍ ጎን አጣብቀው ጨርሰዋል። «አቦ፣ ክፈት ስለው ጋግሮ መጣ!» አሉና አንዱን ዳቦ ገመጡ።

ስቲከሩን መልሼ ለጠፍኩት፤ ትንሽ ዘመም አለብኝ። ሞተሯን ወልውዬ የጀማል በር ላይ አቆምኳት። ጀማል መጣ፤ አንድ ጊዜ ዞራት።

«ደህና ናት?»

«ምን ትሆናለች? ኦሪጅናል አይደለች!» አልኩት፤ ጆሮዬ ግን ጋለ።

አውራ ጣቱን የዘመመው ስቲከር ላይ አሳረፈ። ከዚያ ከጃኬቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች ዳቦ አወጣና አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ።

«ባኒ» አለኝ።

ወሬ በእኛ ከተማ ከሞተር ይፈጥናል። ዳቦዋን ብላ ማለቱ ይሁን አፍህን ክፈት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ አልነገረኝም። እኔ ግን ከፈትኩ። «ወድቄ ሰንጥቄያታለሁ። አዴ መይሙና ጠገኑልኝ። ሳልነግርህ ልደብቅህ ነበር፤ በጣም አፍሬያለሁ» አልኩት።

ዳቦዋን ለሁለት ገመሰና ግማሹን ሰጠኝ። ግራ ቀኙን አየት አደረገ፤ ወደ ጆሮዬም ጠጋ አለ።

«የኔኛው ልጥፍ ግን ይዟል አይደል?»

«እንደ አለት!» አልኩት።

ይህን ጊዜ አንድ ጫት ጫኝ በአጠገባችን ሲያልፍ ሞተሯን አይቶ ቆመ። «ጀማል፣ ይቺ ነገር እስካሁን እንዲህ ናት?» አለው።

«ኦሪጅናል ናት! መፍቻ ነክቷት አያውቅም» አለ ጀማል፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህርን ጠይቀው።»

የተነሳው ስለ መፍቻ ነው፤ የጋለ ብረት ነክቷት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ዳቦዬን እያላመጥኩ ራሴን ነቀነቅኩለት።