ሊቀ መራጮች አስማማውና ባሕር የወሰደው ቀለበት

እጁ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ከመኪና ማቆሚያው ጥግ፣ ጥላው ሥር፣ የፕላስቲክ የቀለም ባልዲ ፊቱ አስቀምጦ አሸዋና ጨው በውሃ ያሻል። አሽቶ በምላሱ ጫፍ ይቀምሳል፤ ይተፋና ጨው ይጨምራል። ዕድሜውን ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል የኖረ ጣት ነው፤ ረጅም፣ ንጹሕ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ። በግራ እጁ የቀለበት ጣት ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጣ ያለ ክብ አለ። በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ክብ ነው፤ ባልዲውን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«አስማማው፣ ምን እያቦካህ ነው?» አልኩት።

«ባሕር፣ እማማ» አለኝ።

እሱን ባታውቁት ብጤውን ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ፣ በየዕድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳያጠና ምንም የማይገዛ አንድ ሰው አይጠፋም። ፍሪጅ ለመግዛት ተነሥቶ ሲያጠና፣ ፋብሪካው ያንን ፍሪጅ መሥራት ያቆማል። ለልጁ ጫማ ሲመርጥ የልጁ እግር ያድጋል። መንገድ ላይ ሰላም ካላችሁት ስለ ባትሪ ዕድሜ ሳያስረዳ አይለቃችሁም። እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የሚባለው ጎዳና አጠገብ ላለው ለእኛ ግቢ ግን ተራ መራጭ አልደረሰውም። የደረሰን የመራጮች ሁሉ አለቃ ነው። ስለዚህ «ሊቀ መራጮች» ብዬ ሾምኩት። ሹመቱን አልተቃወመም፤ «እስቲ ላጥናው፣ እማማ» ብቻ አለኝ።

የሚመርጠው የብረት መፈለጊያ ነው። ያ ረጅም ዘንግ ያለው፣ ጫፉ እንደ ሰሐን ክብ የሆነ፣ መሬት ላይ ሲያወዛውዙት ከሥር ብረት ካለ የሚጮኸው መሣሪያ። እሱም ዝም ብሎ መፈለጊያ አይደለም፤ ለጨው ውሃ ዳርቻ የሚሆን መፈለጊያ። ዝናብ እንኳ ጠፍቶ ጠፍቶ በሚመጣበት ላስ ቬጋስ ተቀምጦ የባሕር ዕቃ የሚመርጥ ሰው ሲያዩ ያስቃል። እኛም ስቀናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ በ2020 በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሲዘጉ አስማማው ቤት ዋለ። ከተከፈቱም በኋላ አልጠሩትም። ከሳ። ሱሪው በቀበቶ፣ ቀለበቱ በእግዜር ብቻ ነበር የሚያዙት። ሚስቱ ታየች «ቤት ውስጥ ከምትብሰለሰል ነፋስ ይምታህ» ብላ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወሰደችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የከሳ ጣት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጭራሽ ይኮማተራል። ማዕበል መጣ፣ እጁን ዘረጋ፣ የቃል ኪዳን ቀለበቱ ሄደ። ታየች እዚያው አሸዋው ላይ ቆማ፣ ከተገኘ ጃንጥላ ላስገባ ብላ ለገብርኤል ተሳለች። ባሏ ደግሞ ማጥናት ጀመረ።

«እማማ፣ ችግሩ ጨው ነው» አሉኝ ክቡርነታቸው ሊቀ መራጮች አንድ ቀን፣ ጭንብላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ከበረንዳዬ ፈንጠር ብለው ቆመው። «በደረቅ አሸዋ ማንኛውም ማሽን ይሠራል። የባሕር አሸዋ ግን ሲርስ፣ ከጨዉ የተነሣ ማሽኑ ብረት ያገኘ ይመስለውና በየእርምጃው ይጮኻል። ተራው ማሽን የሚልከው አንድ ዓይነት ሞገድ ብቻ ነው፤ እሱ አይሆነንም። ብዙ ዓይነት ሞገድ ባንዴ የሚልክ አለ። ሌላ ደግሞ አለ፣ ጨዉን ከቁብ ሳይቆጥር ጠልቆ የሚያይ፤ እሱ ግን ወርቅና ምስማር አይለይም። ስለዚህ…»

«ስለዚህ የቱን ትገዛለህ?»

«ገና እያጠናሁት ነው።»

እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አንድ ቃል እስኪገባኝ ጣቴን መስመሩ ላይ ይዤ ስንቴ እንደምመለስ ስለማውቅ፣ አንብቦ በማይጠግብ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም። ጨዬ ግን እያለቀ ነበር። ማሽን ለሚሞክርበት ባልዲ ዛሬ አንድ ሲኒ፣ ነገ አንድ ሲኒ እየወሰደ የእኔን ቤት ባሕር አደረገው።

ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታችን ወንድይራድ ባለፈ ባገደመ ቁጥር መስኮቱን ያወርዳል። «አንተ እስክትመርጥ ባሕሩ ይደርቃል! ያኔ ሄደህ በእጅህ ታነሣዋለህ!»

«እሱንም አስቤበታለሁ» ይላል አስማማው፣ ከባልዲው ቀና ሳይል።

ማሽን በኢንተርኔት ሲያዝ፣ ሲመልስ፣ እንደገና ሲያዝ ከርሞ አንድ ቅዳሜ ብዙ ሞገድ የሚልከው ማሽን መጣ። ግቢውን ያዳርስበት ጀመር። ማሽኑ ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ከኮካ ቆርቆሮ አናት የሚገነጠለው መክፈቻ። ጮኸ፤ ቆፈረ፤ ሌላ መክፈቻ። ሲሰለቸው አንድ ቁልፍ ተጫነና «እንዲህ ያለውን ቆሻሻ እንዳይነግረኝ አደረግሁት» አለ በኩራት። እውነትም ማሽኑ ጸጥ አለ።

ታየች ከሆስፒታል ሺፍቷ ተመልሳ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ቆማ ስታየው ነበር። «ዞር በል» አለችው። ዞረ። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብላ ቀና አለች። «በል ፈልግ።»

ዘንጉን አወዛወዘ። ደገመ። ምንም ድምፅ የለም።

«ባዶ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ታየች፣ እኔ እኮ ያጠናሁት ነገር ነው።»

ግራ እጇን አንሥታ ጣቶቿን ዘረጋችለት። ቀለበት አልነበረባቸውም።

ሊቀ መራጮች ተንበርክኮ ባልዲውን ገለበጠ። ያን ሁሉ ወር ያጣፈጠውን ባሕር አስፋልቱ ላይ ደፍቶ፣ በጣቱ እየፈተገ የሚስቱን ቀለበት አወጣ። ለካ ለማሽኑ ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የቆርቆሮ መክፈቻ ድምፃቸው አንድ ነው! አንዱን ዝም ሲያሰኝ ሌላውንም ዝም አሰኝቶታል።

«እንግዲህ ቆሻሻውንም ሁሉ መቆፈር ነው» አለ እያለከለከ።

ታየች ቀለበቷን በዩኒፎርሟ እየጠረገች «ታዲያ መቼ ነው የምንሄደው?» አለችው።

«ገና…»

«መቼ?»

ባዶ ባልዲውን ማየት ጀመረ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እሱ እየመረጠ እስከቆየ ድረስ ቀለበቱ እዚያ አሸዋ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ሄዶ ፈልጎ ካጣው ግን በቃ፣ ጠፋ። ሥራው ሄዷል፣ ሥጋው ሄዷል፤ አንድ ሰው ስንቱን ነገር ጠፋ ይበል?

በ2021 ጸደይ ካዚኖው ጠራው። ሥራ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ታየች ማሽኑን ራሷ መኪና ላይ ጫነች። «ትመጣ እንደሆነ ና፤ አለዚያ እኔ በማንኪያም ቢሆን እቆፍራለሁ» አለችው። እኔንም ለምስክርነት ከኋላ አስቀመጡኝ።

ሐሰት አልናገርም፤ ምርጫው ድንቅ ነበር። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ሳይቀር አጥንቶ ነበር የመጣው። ማሽኑ እርጥቡ አሸዋ ላይ አንዴም በከንቱ አልጮኸም። መክፈቻ አወጣ፣ ምስማር አወጣ፣ የዓሣ መንጠቆ ማክበጃ እርሳስ አወጣ፣ የልጅ መጫወቻ መኪና አወጣ። እያንዳንዱን ተንበርክኮ፣ በሁለት እጁ፣ እንደ ዕንቁላል ነበር የሚያነሣው። ታየች ከጎኑ አካፋ ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ባሕሩ ተመልሶ መምጣት ሲጀምር ዘንጉን አሸዋው ላይ አስተኛና ፊቷ ቆመ።

ካርታ የሚያድል ሰው ከጠረጴዛው ሲነሣ የሚያደርጋት ነገር አለች። መዳፉን ጨብጨብ ያደርግና ገልበጥ መለስ አድርጎ ያሳያል፤ ምንም አልያዝኩም ማለት ነው። አስማማው ያንን አደረገ።

«የለም» አለ።

ዓመቱን ሙሉ «ግዛና ገላግለን!» ስትል የኖረችው ታየች የተዘረጋውን እጁን ያዘች። ከነጣው ክብ ላይ አሸዋውን በአውራ ጣቷ ጠረገችለት። ከዚያ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች በቁጣ አየችው።

«እኔ ድሮም ይኼ ነገር አላማረኝም» አለች። «ቸኩለህ ነው የመረጥከው።»

«እኔ? ቸኩዬ?»

«አዎ፣ ቸኩለህ። ደህና አድርገህ ሌላ አጥና።»

ትከሻው ቀና አለ። «እሱስ እውነትሽን ነው… የሰሐኑ ስፋት ትንሽ ከንክኖኝ ነበር።» የመንገዳችን እኩሌታ ላይ ያለችው ባርስቶው ከተማ እስክንደርስ ስለ ሰሐን ስፋት አስረዳን። ታየች መሪዋን ይዛ «እሺ… እሺ…» ትለዋለች። ስለ ስለቷ አንድም ቃል አላነሣችም፤ ስለቷ እንዳለ ነው ማለት ነው።

አሁን ሥራውን ይሠራል፤ ሥጋም መለስ ብሎለታል። በዕረፍት ቀኑ ግን ባልዲው እጥላው ሥር አለ። እኔም ጨዬን የማይጠግብ ባሕር ጎረቤት ሆኜ ቀርቻለሁ፤ አንድ ቀን ድምፁ ባይሰማኝ ደግሞ በረንዳው ላይ ምን እንደምሠራ አላውቅም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በእኛ በኩል ስታልፉ ረጅም ጣት ያለው፣ አሸዋ የሚያሽ ሰው ብታዩ «አገኘኸው ወይ?» አትበሉት። «ለጨው ውሃ የቱ ይሻላል?» በሉትና ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ስትመጡም ጨው ይዛችሁ ኑ፤ የእኔ አልቋል።